ፈርስት ቤዝ እንጀራ ይሆናል?

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ቦታ ነው፤ ቤዝቦል ሜዳ ላይ ፈርስት ቤዝን ስለሚጠብቀው ተጫዋች። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። መቺው ኳሱን መሬት ለመሬት ከመታ በኋላ 90 ጫማ ወይም 27.43 ሜትር ሮጦ ፈርስት ቤዝን፣ ማለትም በተራ ከሚረግጣቸው አራት መቆሚያዎች የመጀመሪያውን፣ መርገጥ አለበት። ኳሱን ያነሳው ተከላካይ ወደዚያ ከወረወረና የፈርስት ቤዙ ሰው ሯጩ ሳይደርስ ቤዟን ረግጦ ከያዘው፣ ሯጩ አውት ነው፤ ማለትም ከሜዳ ይወጣል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ግራኝ ነው፣ ከእኩዮቹም ይረዝማል። አሠልጣኙ ፈርስት ቤዝ ላይ አቆመው። ሌሎቹ ወላጆች ግን «እዚያ የሚቆመው መሮጥ ያቃተው ነው» ይላሉ። አሠልጣኙን ላነጋግረው ወይስ ልተወው?
አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ለጊዜው ይተዉት። ከሜዳው ውስጠኛ ቦታዎች ሴከንድ ቤዝ (ሁለተኛው)፣ ተርድ ቤዝ (ሦስተኛው) እና በሁለቱ መካከል ያለው ሾርትስቶፕ ለግራኝ እንደ ተዘጉ ይቆጠራሉ። እዚያ የሚቆም ሰው ብዙውን ኳስ የሚወረውረው በግራው ወዳለው ፈርስት ቤዝ ነው፤ ግራኝ ደግሞ ለመወርወር መላ ሰውነቱን ማዞር ይኖርበታል። በዚያች ቅጽበት ሯጩ ይደርሳል። ካቸርም (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚይዘው) በልማድ ቀኝ እጅ ነው። ለግራኝ የሚቀሩት ፒቸርነት (ለመቺው ኳስ መወርወር)፣ የኋላው ሜዳና ፈርስት ቤዝ ናቸው።

ፈርስት ቤዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ግራኙ ጓንቱን የሚያጠልቀው በቀኝ እጁ ስለሆነ በፈርስትና በሴከንድ መካከል ያለውን ሰፊ ክፍተት በጓንቱ ይሸፍናል፤ ወደ ሴከንድ ሲወረውርም ትከሻው ቀድሞውኑ ወደዚያ ዞሯል። ፒቸሩ ሯጩን ለመያዝ በድንገት ወደ ፈርስት ሲወረውር ደግሞ ጓንቱ ተመላሹ ሯጭ ባለበት በኩል ነው፤ ማውረድ ብቻ ይበቃዋል። የቀድሞው ዝነኛ ፈርስት ቤዝ ሉ ጌሪግም፣ በዚህ ቦታ 11 ጊዜ የወርቅ ጓንት (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) የተሸለመው ኪት ኸርናንዴዝም ግራኝ ወርዋሪዎች ነበሩ።

ወላጆቹ የሚሉት ግን ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። በልጆች ቡድን ከባድና ዝግ ያለ ልጅ እዚያ መመደቡ የተለመደ ነው። እርስዎ አሠልጣኙን መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ነገር ነው፦ ልጁ በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ከፒቸርነቱም ከኋላው ሜዳም እንዲሞክር። በ13 ዓመቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተተከለ ልጅ፣ 18 ሲሞላው መልማዮች የሚያዩለት ዱላውን (አመታቱን) ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለፈርስት ቤዝ የተለየ ጓንት አለ ይባላል። የትኛውን ልግዛ? እንዴትስ ይለሰልሳል?
እናት፣ ከዳላስ

መልስ፦ አዎ፣ ሚት ይባላል። ጣቶቹ አልተለያዩም፤ ጥልቅና ሰፊ ስለሆነ አፈር ላይ የነጠረን ኳስ ጠርጎ ያነሳል። በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ከፍተኛው ሊግ) ሕግ ከላይ እስከ ታች ከ13 ኢንች፣ መዳፉ ላይ ከ8 ኢንች መብለጥ የለበትም። ለትልቅ ሰው ከ12.5 እስከ 13 ኢንች፣ ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጅ ደግሞ 12 ኢንች ገደማ ይበቃል። ከዚያ የተለቀው በልጅ እጅ አይዘጋም፤ ያልተዘጋ ሚት ደግሞ ኳስ ይተፋል።

ሱቅ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መለያው የሚነግረው የሚወረውረውን እጅ እንጂ ጓንቱ የሚጠለቅበትን እጅ አይደለም። «ቀኝ ወርዋሪ» የሚል ሚት በግራ እጅ ይጠለቃል። ሳያስለኩ አይግዙ።

ለማለስለስ ምድጃም ማይክሮዌቭም አያስገቡት፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ማሰሪያዎቹም ይበጠሳሉ። የጓንት ቅባት በስሱ ቀብተው፣ መሃሉን በእንጨት መዶሻ ደጋግመው መትተው፣ ኳስ አግብተው አስረው ያሳድሩት። ቅባት ከበዛ ከብዶ ይልፈሰፈሳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኳስ መቀባበል ነው፤ በየቀኑ ከተጫወተበት በሁለት ሦስት ሳምንት እጁን ይለምዳል።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው፣ ቀኝ እጅ ነኝ። ኳሱ ጓንቴ ላይ ይደርሳል፤ ግን ይወድቅብኛል ወይም ያልፈኛል። አሠልጣኜ «እግርህ ነው» ይለኛል። እግሬ ምን አደረገ?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ሳይሆን አይቀርም ቶሎ እየተዘረጋህ ነው። ኳሱ ወዳንተ እንዳልመጣ ካወቅህ ዓይንህን ከኳሱ ነቅለህ ወደ ቤዟ ሩጥ፤ ኳስ እያዩ የኋሊት የሚሄዱ ሰዎች ቤዟን ይስቷታል። ስትደርስ ፊትህን ወደሚወረውረው ሰው አዙር፣ ተረከዞችህ የቤዟን ጠርዝ ይንኩ፣ ጉልበትህን ሰበር አድርግ። ከዚያ ጠብቅ። ኳሱ ከሰውየው እጅ ወጥቶ አቅጣጫው እስኪለይ እግርህን አታንሳ። ሲለይ ቀኝ እግርህ ጠርዟ ላይ ይቀራል፣ ግራው ወደ ኳሱ ይራመዳል፣ ጓንቱም ከግራ እግርህ ጋር እኩል ይደርሳል። ግራኝ ቢሆን እግሮቹ ይለዋወጣሉ።

አስቀድሞ የተዘረጋ ሰው ተቸንክሯል ማለት ነው። ኳሱ አንድ ሜትር ወደ ጎን ቢያፈነግጥ ሊከተለው አይችልም። ቆሞ የጠበቀ ግን ወደ ሁለቱም ወገን አንድ እርምጃ አለው። ፎቶ ላይ የምታየው እስከ መሬት የተሰነጠቀ ዝርጋታ ለተቀራረበ ፉክክር ብቻ ነው፤ ሯጩ ገና መንገድ ላይ ሳለ እንዲህ መዘርጋት የብሽሽትና የጭን ጀርባ ጡንቻ ከመጉዳት በቀር ጥቅም የለውም።

ቤዟን የምትረግጠው በጫማህ ፊት፣ ጠርዟ ላይ ነው። መሃሏ የሯጩ ነው፤ እዚያ የቆመ ቁርጭምጭሚት በሹል ጫማ ይረገጣል። ሜጀር ሊጉ በ2023 የቤዞቹን ጎን ከ15 ወደ 18 ኢንች ያሳደገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ግጭት ነው።

ነጥሮ የሚመጣው ኳስ ላይ የሚያስቸግረው መካከለኛው ነው፤ ከፊትህ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ነጥሮ ደረትህ ላይ የሚወጣው። ወይ ተዘርግተህ ገና ከመሬት ሲነሳ ያዘው፣ ወይ ከቤዟ ኋላ ጠርዝ ሆነህ ከፍ ብሎ እስኪመጣ ጠብቀው። በመካከል ተይዞ መቆም ነው ኳሱን የሚያስጥለው። ጓንትህ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ይሂድ፤ መሬቱ ላይ ያረፈ ጓንት መነሳት ይችላል፣ ከላይ የመጣ ግን ሁልጊዜ ይዘገያል። መለማመጃው ቀላል ነው። ጓደኛህ ከስድስት ሜትር ርቀት ተንበርክኮ ኳሱን ሆን ብሎ እያነጠረ 20 በጓንትህ በኩል፣ 20 በተቃራኒው፣ 20 በቀጥታ ይወርውርልህ። ዓይንህን አትጨፍን፤ ብዙ ኳስ የሚያመልጠው አንገት በሚዞርበት ቅጽበት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከአውቱ ይበልጣል። ውርወራው በጣም ከሳተ ቤዟን ትተህ ኳሱን ያዝ። ሯጩ ፈርስት ላይ ቢቆም ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ኳሱ ካለፈህ ሴከንድ ላይ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ የ2024ቱን የወርልድ ሲሪዝ (የሜጀር ሊግ ፍጻሜ) አምስተኛ ጨዋታ ቅንጭብ አየሁ። ኳሱ የሄደው ወደ ኒው ዮርክ ያንኪዎቹ ፈርስት ቤዝ ተጫዋች ነው፤ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ግን ፒቸሩን ነው። ለምን?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ኦክቶበር 30 ቀን፣ አምስተኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ላይ ያንኪዎቹ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስን 5 ለ 0 ይመሩ ነበር። አሮን ጃጅ ቀላል ኳስ ጣለ፣ ሾርትስቶፑ ቮልፒ ውርወራ አበላሸ፣ ሦስቱም ቤዞች ሞሉ። ፒቸሩ ጌሪት ኮል ግን ሁለት መቺዎችን አስወጥቶ ከእሳቱ ሊወጣ አንድ አውት ቀረው። ሙኪ ቤትስ ዝግ ያለ፣ የሚሽከረከር ኳስ ወደ ፈርስት ቤዙ አንቶኒ ሪዞ መታ። ሪዞ ሽክርክሪቱን ፈርቶ ኋላ ቆሞ ያዘው። ኮል ወደ ቤዟ ጥቂት ጀምሮ ቆመና ወደ ሪዞ ጠቆመ። ቤዟ ባዶ ነበረች፤ ቤትስ ቀደመ፣ አንድ ሯጭም ነጥብ አስገባ። ከዚያ ፍሬዲ ፍሪማን ሁለት፣ ቴዎስካር ኸርናንዴዝ ሁለት አስገቡ፤ ጨዋታው 5 ለ 5 ሆነ፣ በመጨረሻም ዶጀርስ 7 ለ 6 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከፒቸሩ በስተግራ የሚሄድ ማንኛውም የመሬት ኳስ ሲመታ ፒቸሩ ሳያስብ መሮጥ ይጀምራል። የሚሮጠው በቀጥታ ወደ ቤዟ አይደለም፤ ከቤዟ በፊት ሦስት አራት ሜትር ላይ ወዳለው የመስመሩ ነጥብ ሄዶ፣ ከዚያ ከመስመሩ ጎን ለጎን ሽቅብ ይሮጣል። እንዲያ ካላደረገ ከሯጩ ጋር ይላተማል። የፈርስት ቤዙ ሰው ደግሞ ኳሱን ከጓንቱ አውጥቶ እያሳየው ከታች ወደ ላይ፣ በደረቱ ልክ፣ ቤዟን ከመርገጡ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ያቀብለዋል። ኳሱ ቀድሞ ከደረሰው ዓይኑን ወደ ቤዟ መመለስ ይችላል። ሪዞ ወደፊት ቢገፋ ምናልባት ራሱ ይደርስ ነበር፤ ያም ሆኖ ለእኛ ትልቁ ጥፋት የኮል ነው። ፒቸር ሮጦ ባያስፈልግ የሚከስረው ጥቂት ትንፋሽ ነው፤ ሳይሮጥ ቀርቶ ቢያስፈልግ የሚሆነውን አይተዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ ሃይ ስኩል ይጨርሳል። ፈርስት ቤዝ ይጫወታል፤ ዱላው ጥሩ ነው ይሉታል። «ኮሌጁን ትቼ ድራፍት እጠብቃለሁ» ብሎ አስጨንቆናል። እውነት ሕይወት የሚለውጥ ሥራ ነው?
እናት፣ ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ በመጀመሪያ ደረጃ መተው አያስፈልገውም። ኮሌጅ ተቀብሎት እያለ ድራፍቱ (ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ውስጥ መሆን ይችላል፤ ተመርጦ ካልፈረመ ወደ ኮሌጁ ይሄዳል። ድራፍቱ በጁላይ ነው፣ 20 ዙር አለው። የአራት ዓመት ኮሌጅ ከገባ ግን እንደገና ለመመረጥ ሦስተኛ ዓመቱን መጨረስ ወይም 21 ዓመት መሙላት ይጠበቅበታል። በሁለት ዓመቱ ኮሌጅ ይህ ገደብ የለም። አልበርት ፑሆልስ በ1999 የተመረጠው ካንሳስ ሲቲ ካለ እንዲህ ያለ ኮሌጅ፣ በ13ኛው ዙር፣ 402ኛ ሆኖ ነው፤ ሥራውን የጨረሰው በ703 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው አጥር የሚያሻግር ምት) ነው። እንዲህ ያለው ዕድል ግን ብርቅ ነው።

ልጅዎ ከሃይ ስኩል ወጥቶ ከፈረመ የትምህርት ክፍያ በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ። ክለቦች ይህን የሚሰጡበት ደንብ አለ፤ ሆኖም ተጫዋቹ ኳሱን ካቆመ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ካልጀመረ ይቀልጣል። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህን ነው።

ከፈረመ በኋላ ከሜጀር ሊጉ በታች ያለው ማይነር ሊግ ይገባል፤ ከጀማሪዎቹ ጣቢያ እስከ ከፍተኛው ትሪፕል-ኤ አምስት እርከን ነው። በ2023 በተፈረመው የጋራ ስምምነት ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ በጀማሪዎቹ 19,800 ዶላር፣ በትሪፕል-ኤ 35,800 ዶላር ተብሎ ተወሰነ። የቤት ኪራይ ባይከፍልም ያው አዳጊ ልጅ ራሱን የሚችልበት ብር እንጂ ሀብት አይደለም። ሜጀር ሊግ ሲደርስ ዝቅተኛው በ2025 ዓመት 760,000፣ በ2026 ዓመት 780,000 ዶላር ነው። ሆኖም የሚከፈለው በዋናው ቡድን በቆየበት ቀን ልክ ነው፤ ወርዶ ወጥቶ 40 ቀን የቆየ ልጅ የሙሉ ዓመቱን አያገኝም። 172 ቀን እንደ አንድ የአገልግሎት ዓመት ይቆጠራል። ሦስት ዓመት ሲሞላው በግልግል ዳኝነት ደመወዙን ማስጨመር፣ ስድስት ሲሞላው ከፈለገው ክለብ ጋር መደራደር ይችላል። ጡረታ ለማግኘት 43 ቀን ይበቃል።

አሁን ሒሳቡን በፈርስት ቤዝ ተጫዋች ላይ ይሥሩት። ከኮሌጅ በ21 ወጥቶ በ25 ሜጀር ሊግ የገባ ሰው ለገበያ የሚቀርበው በ31 ነው። ክለቦች ደግሞ በዚያ ዕድሜ ላለ ትልቅ ሰውነትና ከባድ ዱላ ረጅም ውል መስጠት ያስፈራቸዋል፤ ምክንያትም አላቸው። ራያን ሃዋርድ በ2010 ከፊላደልፊያ ጋር የአምስት ዓመት፣ የ125 ሚሊዮን ዶላር ማራዘሚያ ፈረመ፤ የሚጀምረው በ2012 ነበር። በ2011 የፊላደልፊያ የውድድር ዓመት የመጨረሻዋ አውት ላይ፣ ከመቺው ሳጥን ሲነሳ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ፤ ወደ ቀድሞው ጉልበቱ አልተመለሰም። ክሪስ ዴቪስ በ2016 ከባልቲሞር 161 ሚሊዮን ለሰባት ዓመት ተፈራርሞ፣ ከ2018 እስከ 2019 ድረስ በ54 ተከታታይ ሙከራ አንዲት ሂት (ቤዝ የሚያስይዝ ምት) አላገኘም፤ ውሉ ሳያልቅ በ2021 ተሰናበተ።

ሌላም እንቅፋት አለ። የማይመታ ጎበዝ ሾርትስቶፕ ተጠባባቂ ሆኖም ዓመታት ይኖራል። የማይመታ ፈርስት ቤዝ ግን ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው፤ ምክንያቱም ከሌሎቹ ቦታዎች የደከመ ጎበዝ መቺ ሁሉ የሚመጣው ወደዚያ ነው። ስፔንሰር ቶርከልሰን በ2020 ከሁሉ ቀድሞ ሲመረጥ ኮሌጅ ውስጥ ፈርስት ቤዝ ነበር፤ ዲትሮይት ግን ስሙን ሲያስጠራ ተርድ ቤዝ ብሎ ነው ያስጠራው። በሌላ በኩል ፖል ጎልድሽሚት በ2009 በስምንተኛው ዙር ተመርጦ በ2022 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ።

ስለዚህ እኛ ብንሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች ትልቅ የፊርማ ገንዘብ ካልመጣለት ኮሌጁን እንመርጣለን። ፈርስት ቤዝ ላይ የሚጠበቀው ጉልበት ደግሞ ከ18 በኋላም ይጨምራል፤ በ21 ዓመቱ ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል። አሁኑኑ ግን ተርድ ቤዝ ወይም የኋላውን ሜዳ ጎን ለጎን ይለማመድ።

ጥያቄ፦ የዋሽንግተኑ ራያን ዚመርማን ተርድ ቤዝ ላይ ሲያበራ አይቼዋለሁ። ለምን ወደ ፈርስት ወሰዱት? ለማሳረፍ ነው?
የናሽናልስ ደጋፊ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ

መልስ፦ ትከሻው ነው። ቀኝ ትከሻው ከተጎዳ በኋላ ከተርድ ቤዝ ያለው ረጅም ውርወራ አልሆንለት አለ፤ እጁ ግን ያኔም ኳስ ይይዝ፣ ዱላውም ይመታ ነበር። በ2015 ፈርስት ቤዝ ሆነ፤ በ2017 በ36 ሆም ረንና ምቱ ባስገባቸው 108 ነጥቦች ተመለሰ፤ በ2019ኙ ወርልድ ሲሪዝም የክለቡን የመጀመሪያ ሆም ረን የመታው እሱ ነው። የሚኒሶታው ጆ ማወር ደግሞ ካቸር ነበር፤ በ2013 ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት መናወጥ ምክንያት ከ2014 ጀምሮ ወደ ፈርስት ዞረ።

ማሳረፍ የሚለው ቃል ግን አይስማማንም። ከአንድ ጨዋታ 27 አውቶች ጥቂት የማይባሉት በፈርስት ቤዙ ሰው እጅ ነው የሚያልቁት። ግጭትም አለ። የቺካጎው ዴሬክ ሊ በ2005 የሊጉ የመምታት ሻምፒዮን ነበር፤ በ2006 ኤፕሪል ከሯጩ ራፋኤል ፉርካል ጋር ተጋጭቶ የእጁ አንጓ ተሰበረ፣ ዓመቱን የጨረሰው 50 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ነው። ሪዞም በ2023 ሜይ እንዲሁ ተጋጭቶ፣ የጭንቅላት መናወጥ እንደደረሰበት የታወቀው በኦገስት ነው። ልጆቻችሁ ከተጋጩ በኋላ ዱላቸው ድንገት ከቀዘቀዘ ሐኪም ይያቸው።

ጥያቄ፦ ጃኪ ሮቢንሰን ሴከንድ ቤዝ አልነበረም እንዴ? አንድ ወዳጄ ፈርስት ነበር ብሎ ተወራረድን።
ከሲያትል

መልስ፦ ወዳጅዎ በልቷል። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 በዘመናዊው ሜጀር ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኖ ለብሩክሊን ዶጀርስ ሲሰለፍ ፈርስት ቤዝ ነበር፤ በዚያ ዓመት 151 ጨዋታ ሁሉንም እዚያው ተጫወተ። ከዚያ በፊት የለመደው ሾርትስቶፕና ሴከንድ ነው፤ ሴከንድ ላይ ግን ኤዲ ስታንኪ ነበር። በ1948 ወደ ሴከንድ ተመለሰ።

ጥያቄ፦ ስታዲየም ውስጥ አንዳንድ አዛውንቶች ወረቀት ላይ «3-6-3» እያሉ ይጽፋሉ። ምንድን ነው?
ከአትላንታ

መልስ፦ ቁጥሩ ማሊያ ላይ ያለው አይደለም፤ የቦታው ነው። ፒቸር 1፣ ካቸር 2፣ ፈርስት 3፣ ሴከንድ 4፣ ተርድ 5፣ ሾርትስቶፕ 6፣ የኋላው ሜዳ ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8፣ 9 ነው። ፈርስት ቤዙ ኳሱን ይዞ ለሮጠው ፒቸር ካቀበለው 3-1 ተብሎ ይጻፋል፤ ኮል ያልሮጠባት ይህቺ ናት። 3-6-3 ደግሞ ፈርስት ቤዙ ኳሱን አንስቶ ሴከንድ ላይ ለሾርትስቶፑ ወርውሮ አንዱን ሲያስወጣ፣ ራሱም ወደ ቤዟ ተመልሶ ሁለተኛውን ሲያስወጣ ነው። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ውርወራ ላይ ነው፤ ሯጩ በመስመሩ ላይ ስለሚሮጥ ኳሱ ጀርባውን ይመታል። ስለዚህ ፈርስት ቤዙ ከመወርወሩ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ጎን ወጥቶ ሾርትስቶፑን የሚያይበት ክፍተት ይፈልጋል፤ ሾርትስቶፑም በዚያው በኩል እጁን አንስቶ ይጠብቀዋል።